መስቀል በአኪሃባራ፦ ተሠርቶ ያለቀ ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ቅዳሜ መስከረም 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን 2019። አገር ቤት መስቀል ነው። እኔ ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ ባቡር ጣቢያ፣ «ኤሌክትሪክ ታውን» የሚል ምልክት ያለበት መውጫ ላይ ቆሜ ወዳጄን እጠብቃለሁ። በደረት ኪሴ 150 ሺህ የን ይዣለሁ። ከትምህርት አበሌ ላይ በየወሩ እየቀነስኩ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነው። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ይህ ገንዘብ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መሆን አለበት።

ቀኑን የመረጥኩት ለበዓሉ ብዬ አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 1፣ የጃፓን የሽያጭ ታክስ ከ8 ወደ 10 በመቶ ሊያድግ ነው። ቱሪስት ፓስፖርቱን አሳይቶ ከታክስ ነጻ ይገዛል። እንደ እኔ አገሩ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የኖረ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ነዋሪ ይከፍላል። በዚያ ላይ ለመምህሬ በኅዳር ወር የማቀርበው ሥራ ነበረብኝ። ኮምፒውተር የድሮ የአማርኛ መጻሕፍትን ፎቶ አይቶ ፊደሉን እንዲያነብ ማስተማር ነበር ሥራዬ። «በ»ን ከ«ቡ» መለየት ለሰው ቀላል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ምሳሌዎች ማሳየት ያስፈልጋል። ላፕቶፔ አንዱን ሙከራ ለመጨረስ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ይፈጅበታል። ማራገቢያው ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ በስልክ «ጋሼ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ ኮምፒውተሩ ለእኔ ነው አይደል?» ብላኝ ነበር። ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ አርክቴክት መሆን ትፈልጋለች። እኔም ሳላስብ «ያንቺ ነው» አልኳት። ኮምፒውተሩ ገና ሳይገዛ ሁለተኛ ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

ወዳጄ መጣ። እሱ ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ ጃፓን የገባ፣ ሚስት አግብቶ ኑሮውን ያደላደለ ሰው ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ያለው የመጀመሪያ ነገር «እንኳን አደረሰህ» ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ወስነሃል?» የሚል ነው። አልወሰንኩም ነበር።

ስለ ቦታው ጥቂት ልንገራችሁ። አኪሃባራ ስሙን ያገኘው ከእሳት ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. አካባቢው በቃጠሎ ወደመ። ከዚያ በኋላ ቦታው እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ባዶ ሜዳ ሆኖ እንዲቆይ ተደረገ፤ ከእሳት የሚጠብቅ መቅደስም ተሠራበት። ሕዝቡ ይህን መቅደስ «አኪባ» ከሚሉት የእሳት ጠባቂ ጋር አያይዞ ሜዳውን በዚያ ስም ጠራው። ይህን ያነበብኩት ከአንድ ቀን በፊት፣ አዲስ አበባ ደመራ በሚለኮስበት ምሽት ነበር። እኛ እሳት በምናነድበት ሰሞን እሳት እንዳይነሳ ወደተጸለየበት ሰፈር መሄዴ ለብቻዬ አሳቀኝ።

ከጣቢያው እንደወጣን በስተቀኝም በስተግራም ትልልቅ መደብሮች አሉ። ወዳጄ ግን በመጀመሪያ የወሰደኝ ወደ አንድ ጠባብ መግቢያ ነው። ራዲዮ ሴንተር ይባላል። ሶቡ የሚባለው የባቡር መስመር ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ያልፋል፤ ከሐዲዱ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ገበያ ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሱቆቹ ከሱቅ ይልቅ ቁምሳጥን ይመስላሉ። ባለሱቁ መሐል ይቀመጣል፤ ዙሪያውን በትናንሽ መሳቢያ ተከቧል። አንዱ የሚሸጠው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ሌላው ገመድ ብቻ፣ በሜትር እየለካ። ሌላው ከጥፍር የሚያንሱ ባለቀለም መብራቶች ብቻ። ከላይ ባቡር ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ሻጮቹ ቀና እንኳን አይሉም። መርካቶን የምታውቁ ካላችሁ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይዞ ሰላሳ ዓመት የተቀመጠ ነጋዴ ታስታውሳላችሁ። እንደዚያ ነው፤ የጎደለው «ግባ፣ ወንድም» የሚል ጥሪ ብቻ ነው።

ይህ ገበያ ከሐዲድ ሥር የገባበት ታሪክ የእኔኑ ጥያቄ የሚመስል ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ ቶኪዮ ፈርሳ ነበር። በዚህ አካባቢ ሰዎች መንገድ ላይ ዕቃ ዘርግተው የራዲዮ መለዋወጫ መሸጥ ጀመሩ። ከፋብሪካ የወጣ ራዲዮ ውድ ነበር። በቅርብ፣ ካንዳ በሚባለው ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ክፍሉን እየገዙ ራዲዮ ገጣጥመው ከፋብሪካው ባነሰ ዋጋ ይሸጡ ነበር። በ1949 የመንገድ ላይ ሱቆች እንዲነሱ ትእዛዝ ወጣ። ነጋዴዎቹም ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ቦታ ተሰጥቷቸው ገቡ። እስካሁን እዚያው ናቸው። «ተሠርቶ ያለቀ ልግዛ ወይስ ክፍሉን ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሰፈር ከሰባ ዓመት በላይ ተጠይቋል።

ከራዲዮ ሴንተር ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ራዲዮ ካይካን የሚባለው ፎቅ አለ። የድሮው ሕንጻ በ1962 የተሠራ ነበር፤ እሱ ፈርሶ የዛሬው በ2014 ተከፈተ። አሁን አብዛኛው የካርቱን አሻንጉሊትና የመጫወቻ ካርድ መሸጫ ነው። እኔ ግን ወዳጄን እጁን ይዤ በረንዳው ላይ አቆምኩት። በድሮው ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በ1976፣ ኤን.ኢ.ሲ. የተባለው ኩባንያ ትንሽ የማሳያ ክፍል ከፍቶ ነበር። የሚያስተዋውቀው ቲ.ኬ.-80 የሚባል ዕቃ ነው። ዋጋው 88,500 የን። ሳጥኑን ስትከፍቱት ኮምፒውተር አታገኙም፤ አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳና በላዩ ላይ ራሳችሁ በብየዳ የምታያይዟቸው ቁርጥራጮች ታገኛላችሁ። ኩባንያው ያሰበው መሐንዲሶች እንዲማሩበት ነበር። የመጣው ግን ተማሪውም፣ ሐኪሙም፣ ነጋዴውም ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ይኸው ኩባንያ ተሠርቶ ያለቀውን ፒ.ሲ.-8001 በ168 ሺህ የን አወጣ። መጀመሪያ ገጣጥሙ አላቸው፤ ቀጥሎ የተገጣጠመ አመጣላቸው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማና «ይኸውልህ፣ ሁለተኛው ይሻላል ብለው እኮ ነው ያመጡት» አለኝ።

ከዚያ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ የገባነው ኮምፒውተር በትእዛዝ ወደሚሠራ መደብር ነው። በጃፓን ይህ መንገድ በጣም የተለመደ ነው። እዚያ ከፋብሪካ የወጣ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር አይሸጥላችሁም። ፕሮሰሰሩ ይሄ ይሁን፣ ራሙ ያ ይሁን ብላችሁ ትመርጣላችሁ፤ እነሱ ገጣጥመው፣ ፈትነው፣ በአሥር ቀን ገደማ ቤታችሁ ድረስ ይልካሉ። የአንድ ዓመት ዋስትናም ይሰጣሉ። ጥያቄዬ «ልግዛ ወይስ ልሥራ» ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በመሐል ሦስተኛ መንገድ አለ።

ሻጩ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ትሑት ልጅ ነበር። የምፈልገውን ነገርኩት። ለእኔ ሥራ ዋናው ነገር ግራፊክስ ካርዱ ነው። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራው ይህ ክፍል ብዙ ትንንሽ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ኮምፒውተርን ፊደል ለማስተማርም ያገለግላል። ልጁ አርቲኤክስ 2060 የሚባለውን ካርድ አስገብቶ ሒሳቡን አወጣ፦ ከታክስ በፊት 129,800 የን፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት። ገንዘቤ ይበቃል። ወዳጄ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ «ክፈልና ሶባችንን እንብላ» ማለቱ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። «ይህን ኮምፒውተር በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ብወስደውና ቢበላሽ ዋስትናው ይሠራል?»

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። እሱ ያጠፋ ይመስል ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዋስትናው የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው። ሲበላሽ በፖስታ ወደ መደብሩ ይላካል፤ ከውጭ አገር አይቀበሉም። «ደንበኛችን አገር ቤት ጠጋኝ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነበር።

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ምሳ ለመብላት አሳማ የሌለበት ምግብ ፈልገን (ይህ በጃፓን የራሱ ጉዞ ነው) ቆመው የሚበሉበት ትንሽ የሶባ ቤት ገባን። እዚያ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የመገጣጠሙን ሒሳብ ጻፍኩ። ጠዋት በየሱቁ ያየሁት ዋጋ ነው፦ ፕሮሰሰር 26,000፣ ማዘርቦርድ 11,000፣ አሥራ ስድስት ጊጋባይት ራም 8,500፣ 500 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. 7,500፣ ያው ግራፊክስ ካርድ 41,000፣ ፓወር ሰፕላይ 9,000፣ ሳጥኑ 6,000። ድምሩ 109,000 የን።

«20,800 የን ልዩነት አለው» አልኩ በኩራት።

ወዳጄ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። «ዊንዶውስ ስንት ነው?» አለኝ። 15 ሺህ ገደማ። «እንግዲያው ልዩነቱ 5,800 ነው። የአንተ የአንድ ሳምንት ጊዜ 5,800 የን ነው? ፕሮሰሰሩን ስታስገባ አንዷን እግር ብታጣምም 26 ሺህህ ገደል ገባ። ራስህ ያጣመምከውን ደግሞ ማንም አይለውጥልህም።»

እውነቱን ነው። ብዙ ሰው ራስ መገጣጠም በጣም ይረክሳል ይላል። በደረሰኙ ጀርባ ላይ ሲታይ ግን ያን ያህል አይደለም። እኔ ዊንዶውስ አያስፈልገኝም፤ ሥራዬ በነጻ በሚገኘው ሊነክስ ላይ ነው። በትእዛዝ በሚሠራው ውስጥ ያለው ራም ደግሞ የእኔ ግማሽ ነበር፤ የፓወር ሰፕላዩም ስም አልተጻፈም። ቢሆንም ጥያቄው ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዳጄ ረትቶኝ ነበር። እናንተም የምትኖሩት መደብሩ አጠገብ ከሆነ፣ ጊዜ ካጠራችሁ፣ የኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ማየትም ካላጓጓችሁ፣ በትእዛዝ የሚሠራውን ግዙ እላለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶልን ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። መክፈት ክልክል ነው። አንድ ቀን አልበራ አለ። አባቴ በታክሲ ጭኖ ጥገና ቤት ወሰደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ይበራል፤ ግን ያዘግማል። ከዓመታት በኋላ እኔ ራሴ ከፍቼ ሳየው ከሁለት የራም ቁራጮች አንዱ ቦታ ባዶ ነበር። ጥገና ቤቱ ወስዶት ይሁን ወይም ሲገዛም ጎድሎ ይሁን ማወቅ አይቻልም። አባቴም ማወቅ አይችልም ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ ያመጣውን ዕቃ አንድም ቀን ውስጡን አይቶት አያውቅም።

ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «እህትህስ? አንተ ብትገጣጥመው እሷ ምን ታውቃለች?» አለኝ።

«እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አነሳለታለሁ» አልኩ። ውሳኔዬ ያ ነበር መሰለኝ። ሌላ የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ወዳጄ የሶባውን ሒሳብ ከፈለና «በል ተነስ፣ መሽቷል» አለኝ፤ ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላ አኪሃባራ ሌላ ሰፈር ሆነብኝ። የሚያምር ነገር ማየት ቀረና የሚገጥም ነገር መፈለግ መጣ። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ውስጥ የምፈልገው ማዘርቦርድ በ2,000 የን ቀንሶ አገኘሁት። ሣጥኑን አንስቼ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ስሄድ ሻጩ አስቆመኝ። የመረጥኩት ፕሮሰሰር ገበያ ላይ ከወጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። ያ ማዘርቦርድ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሰሌዳው ላይ የተቀመጠው ፕሮግራም አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ለማደስ ደግሞ የቆየ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ እኔ ጋር የለም። «ራይዘን 3000 ዴስክቶፕ ሬዲ» የሚል ትንሽ ምልክት የተለጠፈበትን ሣጥን ፈልግ አለኝ። በሦስተኛው ሱቅ አገኘሁት፤ በሙሉ ዋጋው ገዛሁት። ያ ሻጭ ዝም ቢል ኖሮ ሁለት ሺህ የን አተርፍና የሞተ ኮምፒውተር ይዤ እገባ ነበር።

እዚያው ሱቅ አንድ አዲስ ቃል ተማርኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ትንሽ ጨምሬ ከከፈልኩ የ«አይሾ» ዋስትና እንዳለ ነገረችኝ። ሁለት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ደህና ሆነው ሳለ አብረው አልሠራ ካሉ ይለውጡልኛል ማለት ነው። ወዳጄን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። ጃፓኖች ባልና ሚስት ሲስማሙም፣ ሳይስማሙም የሚናገሩት ቃል ነው። «በእኛ ኮከባቸው ገጠመ፣ አልገጠመም እንደምንለው» አለኝ። ለራሙ የኮከብ ዋስትና ገዛሁለት።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሰው ገንዘቡን ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ላይ ይጨርስና የቀረችውን ሳንቲም ለዚህ ክፍል ያደርጋል። እኔ ግን የማስበው አዲስ አበባን ነበር። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። እዚያ ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣም አንዳንዴ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው። በጎኑ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ እስካይ ድረስ እያንዳንዱን ሣጥን አገላበጥኩ። ወዳጄ በዚያ ጊዜ ለልጁ አሻንጉሊት ገዝቶ ተመለሰ።

ከታክሱ ጋር 117,720 የን ከፈልኩ። በተረፈው ላይ ከራዲዮ ሴንተር አንዲት ጥሩ ካቻቢቴ ጨመርኩ። ካቻቢቴ የብሎን መፍቻ ነው፤ ቃሉን ከጣሊያኖች ወርሰነዋል።

እኔ የምኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ መገጣጠሙን ወዳጄ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ደግሞም ባለቤቱ ዶሮ ሠርታለች። ሰባት ሣጥን ተሸክመን ከአኪሃባራ በአንድ ፌርማታ አሳኩሳባሺ ወረድን፤ ከዚያ ዮጹጊ የሚያደርሰውን ባቡር ያዝን። ዮጹጊ ካጹሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ቢኖር ይህ ነው። ጣቢያው ራሱ ያስቃል፤ «ካፒቴን ጹባሳ» የሚባለው የእግር ኳስ ካርቱን ደራሲ የዚህ ሰፈር ልጅ ስለሆነ ግድግዳው ሁሉ በካርቱኑ ሥዕል ተሸፍኗል። ከደረጃው ስንወርድ ሁለት አበሾች አገኘን። ሣጥኖቹን አይተው «ሱቅ ልትከፍቱ ነው?» አሉን። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተባብለን አለፍን።

ቤት ስንገባ ቄጤማ አልነበረም፤ በምትኩ ባለቤቱ ከፓርክ ያመጣችውን አረንጓዴ ሣር በሩ ላይ በትናዋለች። መጀመሪያ ተበላ። ቡና እስኪፈላ እጄን በሳሙና ታጥቤ ጠረጴዛው ላይ ሥራ ጀመርኩ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ፕሮሰሰሩ ነው። ከመዳፍ ያንሳል፤ ከሥሩ 1,331 ቀጫጭን የወርቅ ቀለም ያላቸው እግሮች አሉት። በአንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ተሥላለች፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን ላይ ትገጥማለች። መጫን አያስፈልግም፤ ቦታውን ካገኘ በራሱ ክብደት ይገባል። ትንፋሼን ይዤ አስቀመጥኩት። ገባ። ዘንጉን ወደታች መለስኩ። ፎቶ። ከዚያ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ። ፎቶ። ራሙ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ.ው፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ገመዶቹ። ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። የወዳጄ የአራት ዓመት ልጅ ብሎን አቀባይ ሆኖ ነበር፤ አንዳንዷን ብሎን ከማቀበሉ በፊት ኪሱ ውስጥ ይጎበኛታል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ሁላችንም አጨበጨብን። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፤ ጥቁር። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ጥቁር። ወዳጄ ምንም አላለም። ዝምታው ከንግግሩ የበለጠ ከበደኝ። አእምሮዬ ውስጥ 117,720 የሚለው ቁጥር እየዞረ ነው። ኅዳር ደርሷል። ለእህቴ ምን እላታለሁ? ያ ትሑት ልጅ በአሥር ቀን ውስጥ ቤቴ ድረስ ሊልክልኝ ነበር።

«ኮከባቸው አልገጠመም ማለት ነው?» አለ ወዳጄ በመጨረሻ።

ስኒ የምታነሳው ባለቤቱ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አየች። «ወንድሜ፣ ያቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?» አለችኝ።

ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ መብራት በርታለች። ከአጠገቧ ከዓይን የሚያመልጥ ትንሽ ጽሑፍ አለ፤ ራሙን የሚያመለክት ነው። ሰሌዳው ራሱ የታመመበትን ቦታ እየነገረን ነበር፤ እኔ ግን ስክሪኑን ነበር የማየው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ ሁለቱን ራሞች አወጣሁ። ሰባብራቸዋለሁ ብዬ ፈርቼ ኖሮ አንደኛውን እስከ መጨረሻው አልተጫንኩትም። በሁለት አውራ ጣቴ በደንብ ስጫነው ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ ዛሬም አውቀዋለሁ። እንደገና አበራሁት፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ልጁ ተኝቶ ስለነበር በሹክሹክታ እልል ተባለ። የመጨረሻው ባቡር ግን አምልጦኝ ሶፋ ላይ አደርኩ።

ኮምፒውተሩ በላፕቶፔ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረውን ሙከራ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መጨረስ ጀመረ። የኅዳሩ ሥራ ደረሰ፤ ትምህርቱም አለቀ። በ2013 ዓ.ም. አገር ቤት ስገባ ግራፊክስ ካርዱን ነቅዬ በሹራብ ጠቅልዬ በእጅ ሻንጣ ያዝኩት። ሌላው በትልቁ ሻንጣ በልብስ ታጭቆ ተጓዘ። ቤት ደርሼ መልሼ ስገጥም እህቴ አጠገቤ ነበረች። ራሙን ያስገባችው እሷ ናት። «ቀጭ እስኪል» አልኳት፤ ቀጭ አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እኔ ለሥራ እንደገና ውጭ አገር ሳለሁ፣ ሌሊት ደወለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጸጥ ብሏል። ከሦስት ቀን በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የምታስረክበው የሕንጻ ንድፍ አለባት፤ ሥራው ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጥገና ቤት ስልክ ደውላ ስትጠይቅ ሳያዩት «ማዘርቦርዱ ነው የሚሆነው፣ አምጪው» ብለዋታል።

«አትወስጂውም» አልኳት። «መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪው። ካቻቢቴዋ የት አለች?»

በቪዲዮ ከፈተችው። የዮጹጊን ፎቶዎች ልኬላት አንዱን ከአንዱ እያስተያየን ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጡትን ገመዶች በሙሉ አንድ በአንድ ነቀለች። ከዚያ የወረቀት መያዣ ሽቦ አጥፋ ከማዘርቦርዱ በተነቀለው ትልቁ ገመድ ጫፍ ላይ አረንጓዴውን ከአንዱ ጥቁር ጋር አገናኘች። ስፒናውን ሰካች፤ ማብሪያውን ጫነች። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ቢሆን ማራገቢያው ሊዞር ይገባ ነበር። አልዞረም። የሞተው ማዘርቦርዱ ሳይሆን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም አልን። ጎርፉን እሱ ተቀብሎ ሌላውን ያተረፈ ይመስላል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ስታቢላይዘር ገዛች። በቪዲዮ ልጠብቃት ብል «አያስፈልግም፣ ፎቶዎቹ አሉኝ» አለችኝና ዘጋችው። አርባ ደቂቃ ያህል ስልኬን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ መልእክት መጣ። ስክሪኑ በርቷል፤ የሕንጻው ንድፍ ተከፍቷል። ቀጥሎ ሌላ ፎቶ ላከች፤ በመዳፏ ላይ አንዲት ብሎን አለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ተረፈች። የየት ናት?»

በዮጹጊ ያቺን ሌሊት እኔም የተረፉ ሦስት ብሎኖች ነበሩኝ። አራተኛዋ ምናልባት የወዳጄ ልጅ ኪስ ውስጥ ቀርታ ይሆናል።